ስለ ሁለቱ ኑዛዜዎች

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል በመርሳ ከተማ ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር



ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ከኦሪት የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ኢዮቤልዩ ሲደነገግ የታሰበው ነገር ምን እንደ ሆነ ሁሉ ሰው አያስተውለውም። በሃምሳኛው ዓመት ቀንደ መለከት ሲነፋ፥ ከድህነት የተነሣ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ፥ ራሱን የሸጠም ወደ ወገኖቹ እንዲገባ ነው የታዘዘው። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የዝማሬ በዓል ከመሆኑ አስቀድሞ የርስት ሕግ ነበረ። ስለዚህ በዚህ ዕለት ስለ ቤትና ስለ መሬት፥ ስለ ሽማግሎች ጡረታና ስለ ባልቴቶች መብት መነገሩ ከበዓሉ የራቀ ነገር አይደለም።

ጉዳዩም የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። ገና ተዝካሩ ሳይወጣ ወንድምና እኅት በፍርድ ቤት ደጅ ፊት ለፊት የሚቆሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ብዙውን ጊዜም የጠቡ መነሻ የሟቹ ክፋት አይደለም፤ ሟቹ አሳቡን ተናግሮ ሞቷል፤ ነገር ግን የተናገረው ሕግ በሚሰማበት መንገድ አልነበረም።

በአማርኛ ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ሰው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ የሚገልጥበት ነው፤ ሁለተኛው ሰው ከሞተ በኋላ ገንዘቡ ለማን እንዲሆን የሚወስንበት ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀድሞ ዘመን ሁለቱም በአንድ አልጋ አጠገብ፥ በአንድ ቄስ ፊት፥ ብዙ ጊዜም በአንዲት ሌሊት ይፈጸሙ ነበር። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነፍስ ሥርዓት ከተናገረ በኋላ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ካህኑ የነፍስም የገንዘብም ምስክር ሆኖ ይጠራ ነበር። በብዙ አድባራትና ገዳማት በወንጌሉ ኅዳግና ባልተጻፈበት ገጽ ላይ ስጦታና ውል ይጻፍ ነበር፤ የተጻፈውንም ደፍሮ የሚፍቅ አልነበረም። ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚታወቀውን የ13ኛውን መቶ ዓመት ወንጌል እስከ ዛሬ ጠብቆ ያቆየ ነው፤ በእርሱም ለገዳሙ ስለ ተሰጠው ንብረት የተጻፈ ማስታወሻ ይገኛል። ያን ጊዜ ወንጌሉ የአገሩ መዝገብ ቤት ነበረ ማለት ይቻላል።

ይህ ሥርዓት ግን አልፏል። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ እርሱ በሚመለከታቸው ነገሮች ላይ ከዚያ በፊት በጽሕፈትም በልማድም ይሠራበት የነበረውን ሁሉ ሽሯል። ሕጉ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሰው ልማድ ግን በአልጋው አጠገብ እንደ ቀድሞው ቀርቷል።

ለምሳሌ አንድ ሽማግሌ በመርሳ ከተማ አንድ ቤት ቢኖረው፥ ከአምስት ልጆቹ አራቱ በአዲስ አበባና በደሴ ቢቀመጡ፥ ታናሺቱ ልጅ ግን ትዳር ሳትይዝ እርሱን ስታጥብና ስታጎርስ ዐሥር ዓመት ብትጦረው፤ በመጨረሻም ሕመሙ ሲጸናበት የነፍስ አባቱን አስጠርቶ «አባቴ፥ ይህች ቤት ለታናሺቱ ልጄ ትሁን፤ የጦረችኝ እርሷ ናትና። እርስዎ ምስክር ይሁኑልኝ» ቢል፥ ቄሱም «እሺ ልጄ፥ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ቢመልሱለት፥ ሽማግሌው ቤቱን ያስተካከለ መስሎት በሰላም ያርፋል። ነገር ግን ያ ቃል በሕግ ፊት ቤቱን ለልጅቱ አይሰጣትም።

ምክንያቱም ይህ ነው። ሕጉ በቃል የሚደረግን ኑዛዜ ፈጽሞ አልከለከለም፤ ሞት እንደ ቀረበበት የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት ቃሉን ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን በዚህ ቃል ሊወስን የሚችለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የቀብሩን ሥርዓት፥ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆቹ የሚሆነውን ሞግዚትና አሳዳሪ፥ ደግሞም እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ነው። ተናዛዡ ከሕመሙ ቢድንም ቃሉ ከ3 ወር በኋላ ዋጋ አይኖረውም። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ለገበሬ ብዙ ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ግን ለፋሲካ አንድ በግ አይገዛም። አኃዙ በሕጉ መጽሐፍ እንደ ተጻፈ ስለ ቆየ፥ ገንዘቡ በረከሰ ቁጥር የቃል ኑዛዜ እያነሰ እያነሰ ሄዷል።

ስለዚህ ያ ሽማግሌ ቤቱን በሚመለከት ያለ ኑዛዜ እንደ ሞተ ይቈጠራል። ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ወንድ ከሴት፥ ታላቅ ከታናሽ፥ በትዳር የተወለደ ከትዳር ውጭ ከተወለደ አይለይም። ይህ እኩልነት በራሱ መልካም ሕግ ነው፤ በአገሩ ልማድ ብዙ ሴቶች ልጆች ከርስት ተገፍተው ነበርና። ነገር ግን እኩልነቱ ዐሥር ዓመት የጦረችውንና በየፋሲካው ብቻ የመጣውን አይለይም። ለአራቱ አራት እጅ፥ ለታናሺቱ አንድ እጅ ይሆናል፤ ቤቱም ለመካፈል የማይመች ከሆነ ይሸጣል፤ እርሷም አባቷን ካስታመመችበት ክፍል ወጥታ የኪራይ ቤት ትፈልጋለች።

ሕጉ እንዲህ የጠበቀው ያለ ነገር አይደለም። በሞት አልጋ አጠገብ የተነገረ ቃል ለሚያጣምመው ሰው የተመቸ ነው፤ የተናገረውም ተመልሶ ሊያርመው አይችልም። ስለዚህ ሕጉ ኑዛዜ ሰው ጤና ሳለ፥ በወረቀት፥ በብዙ ዓይን ፊት እንዲደረግ ፈለገ።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚባለው ለዚህ አገር ሰው ከሁሉ የሚመች ነው፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችልም ይሆናል። ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል፥ ወይም እየነገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ከዚህ በኋላ ጽሑፉ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ወዲያውም ተናዛዡና ምስክሮቹ ይፈርማሉ፥ ወይም የጣታቸውን አሻራ ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። እዚህ ላይ ብዙ ኑዛዜ የሚወድቅበት አንድ ትንሽ ነገር አለ። ጽሑፉ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡና የተነበበበት ቀን በራሱ በጽሑፉ ውስጥ መገለጥ አለበት። መነበቡ እውነት ሆኖ ሳለ መነበቡ ስላልተጻፈ ብቻ ኑዛዜ ሊፈርስ ይችላል። ጸሓፊው የሚያምር መግቢያ ጽፎ፥ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብሎ ጀምሮ፥ ይህችን አንዲት መስመር ቢረሳ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መጻፍ የሚችል ሰው ያለ ምስክር ሊናዘዝ ይችላል። ነገር ግን ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ የተጻፈ፥ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፥ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን ይገባዋል፤ በ7 ዓመት ውስጥም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይሻራል። በሣጥን ታሽጎ ሃያ ዓመት የቆየ የአባት እጅ ጽሕፈት ልብ ያስለቅስ ይሆናል፥ ርስት ግን አይሰጥም።

ደግሞም ተፋቅረው የኖሩ ባልና ሚስት «አብረን ኖረን አብረን እንናዘዝ» ብለው በአንድ ወረቀት ላይ ኑዛዜ እንዳይጽፉ መጠንቀቅ አለባቸው። ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ለብቻው ይጻፍ። ልጁ ያሳዘነው አባትም ስሙን ዝም ብሎ በመተው ልጁን ከውርስ የነቀለ እንዳይመስለው፤ ልጅ የሚነቀለው በግልጽ ተጽፎና ምክንያቱ ተገልጦ ነው።

ስለ ካህናት ድርሻ ያለ ሐፍረት መነገር ያለበት ነገር አለ። ካህን እንደ ማንኛውም ሰው ከአራቱ ምስክሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሕዝቡም ስለሚያምነው ምስክርነቱ የከበረ ነው። ነገር ግን ሕጉ ሞት ሲቀርብ በሽተኛውን የከበቡትን ሁሉ በጥርጣሬ ይመለከታል። ከመሞቱ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ ተናዛዡን በሥራው ያከመ ሐኪም ወይም የመንፈስ ረዳት የሆነ ካህን፥ ዘመዱ ካልሆነ፥ የተሰጠውን ስጦታ ዳኞች ሊቀንሱት ወይም ሊሰርዙት ይችላሉ። የኑዛዜው ምስክር ራሱ ተጠቃሚ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሚጠቀም አይመስክር፤ የሚመሰክርም አይጠቀም።

ሰው ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ቢወድስ? መስጠቱ መልካም ነው። ነገር ግን ጌታ ስለ ቁርባን የተናገረው ሊዘነጋ አይገባም፤ ገንዘቡን ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል እያለ አባቱንና እናቱን ከመርዳት የሚሸሸውን ሰው ነቅፏል። በሕይወት ያለችው ባልቴት የምትበላው ሳይታሰብ ለጣራ ቆርቆሮ የሚሰጥ ኑዛዜ ለቤተ ክርስቲያኑም ክብር አይሆነውም።

ስለ ባልቴቶች ብዙ ሰው የማያውቀው፥ ቢነገረውም የሚደነግጥበት ነገር ይህ ነው። ሕጉ በውርስ ተራ ከቈጠራቸው ሰዎች መካከል ሚስት ለባሏ፥ ባልም ለሚስቱ የለም። በጋብቻ ዘመን አብረው ካፈሩት ገንዘብ ግማሹ የእርሷ ነው፤ ይህን ማንም አይነካባትም። የሟቹ ግማሽ ግን ለልጆቹ፥ ልጅ ከሌለውም ለአባትና ለእናቱ፥ እነርሱም ከሌሉ ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ይሄዳል። አርባ ዓመት በአንድ ጎጆ የኖረች ልጅ የሌላት ሴት፥ ከባሏ ቀብር በኋላ የቤቷን ግማሽ ከባሏ ወንድሞች ጋር ልትካፈል ትገደዳለች። ይህን የሚከለክል አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባል በሕይወቱ ሳለ በኑዛዜ ለእርሷ መስጠቱ።

የእርሻ መሬት ነገር ከቤት ነገር ይለያል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያም አዋጅ መሬት በውርስ አይተላለፍም ነበር፤ ባለ ይዞታው ሲሞት በመሬቱ እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ባል ወይም ሚስት፥ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆች፥ እነዚህ ባይኖሩ ደግሞ ያደገ ልጅ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ስለዚህ ገበሬ በኑዛዜ የሚሰጠው መሬቱን ራሱን ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው። የአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 133 ይህ መብት በኑዛዜ እንዲተላለፍ ሲፈቅድ ወራሹ በግብርና የሚተዳደር ወይም ሊተዳደር የሚወድ እንዲሆን ፈለገ፤ ይህም አዋጅ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 ተተካ። ሕጉ እንዲህ እየታደሰ ስለሚሄድ፥ የማሽላና የጤፍ ማሳ ወይም በግራና ሸለቆ በመስኖ የሚለማ የአትክልት ቦታ ያለው ሰው ኑዛዜውን ከመጻፉ በፊት የይዞታ ደብተሩን ይዞ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቢሄድና ቢጠይቅ ይሻለዋል። ደብተሩ የባልና የሚስት ስም የያዘ ከሆነም ባል የሚናዘዘው ስለ ራሱ ድርሻ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ በቀድሞ አባቶች ዘመን ያልነበረ ነገር መጥቷል። ከሀብሩና ከአካባቢው ብዙ ልጃገረዶች ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። እነርሱ በሰው ቤት አጥበውና ጠርገው ያገኙትን ለአባት ወይም ለወንድም ይልካሉ፤ በተላከውም ገንዘብ በመርሳና በወልድያ ቤት ይሠራል። ልጅቱ በአገር ስለሌለች ግን የቦታው ካርታ በአባቷ ስም ይወጣል። አባትዬው ሁሉ የእርሷ መሆኑን ያውቃል፥ ጎረቤትም ያውቃል። ነገር ግን አባት ሲሞት ቤቱ በስሙ ያለ ስለ ሆነ የአባት ቤት ተብሎ ለልጆች ሁሉ ይካፈላል፤ ልጅቱም በገዛ ላቧ በተሠራው ቤት ውስጥ ከወንድሞቿ እንደ አንዲቱ ትቈጠራለች። ገንዘቡን የላከችበትን ደረሰኝ ሰብስባ ብትከስም ክርክሩ ረጅም ነው፤ ደረሰኙም ገንዘብ መላኩን እንጂ ስለ ምን እንደ ተላከ አይናገርም። ለወንድሟ ሰጥታው የነበረው ውክልናም አይረዳትም፤ ውክልና የሚያሠራው የሰጪው በሕይወት መኖር ነውና፥ እርሷ በሰው አገር ብትሞት አብሯት ይሞታል።

መድኃኒቱ አባት በሕይወት ሳለ ነው። ቤቱ በልጅቱ ገንዘብ መሠራቱን ገልጦ፥ ለእርሷ እንዲሆን በአራት ምስክሮች ፊት ኑዛዜ መጻፍ ይችላል። ወይም አሁኑኑ በስጦታ ሊያስተላልፍላት ይችላል፤ ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ እንደሚደረግ ኑዛዜ ባለ ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም ይላል። ይህን ለማድረግ የሚያፍር አባት አለ፤ ሌሎቹ ልጆች ቅር ይላቸዋል ብሎ ይፈራል። ቅሬታው በእርሱ ፊት ቢነገር ግን እርሱ ያበርደዋል፤ ከሞተ በኋላ የሚያበርደው ዳኛ ነው።

በሕይወት ሳሉ መስጠትና በኑዛዜ መስጠት የትኛው ይሻላል ተብሎ ይጠየቃል። መጻሕፍት ራሳቸው ሁለቱንም ያሳያሉ። አብርሃም ለዕቁባቶቹ ልጆች በሕይወቱ ሳለ ስጦታ ሰጥቶ ከይስሐቅ ለይቶ ሰደዳቸው፤ በእርሱም ጥበብ ከሞተ በኋላ ስለ ርስት ክርክር አልተሰማም። ሲራክ ግን ሰው እስትንፋሱ ሳለ በራሱ ላይ ለልጁም ለሚስቱም ሥልጣን እንዳይሰጥ፥ ገንዘቡንም ሰጥቶ የልጁን እጅ ከሚያይ ልጁ የእርሱን እጅ ቢያይ እንደሚሻል ይመክራል። በዚህ ነገር ሲራክ የሽማግሌን ኑሮ አጥብቆ ያወቀ ይመስላል። ኑዛዜ ተናዛዡ በወደደ ጊዜ የሚሻረውና የሚለውጠው ነው፤ ስጦታ ግን አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ በቀላሉ አይመለስም። መሬቱንና ቤቱን በስጦታ ጨርሶ ሰጥቶ፥ በኋላ በልጁ ደጅ ቁራሽ የሚጠብቅ አባት መኖሩን የማያውቅ የለም። ስለዚህ የጦረውን ልጅ መካስ የሚወድ ሽማግሌ በኑዛዜ ቢክሰው ልጁም ይጠቀማል፥ እርሱም እስከ ዕለተ ሞቱ የቤቱ ጌታ ሆኖ ይኖራል።

ጡረታ ግን በውርስ ዋጋ የሚገዛ ብቻ አይደለም። ቢወርስም ባይወርስም ልጅ ወላጁን የመጦር ግዴታ አለበት፤ ይህን የቤተሰብ ሕጉ ቀለብ ብሎ ደንግጎታል። ራሱን ሠርቶ ማኖር ያልቻለ ወላጅ ከልጆቹ ምግብና ልብስ፥ ማደሪያና መታከሚያ በዳኛ ሊያስወስን ይችላል፤ ልጁም እንደ አቅሙ ይከፍላል። እውነት ነው፥ በዚህ አገር ልጇን ለቀለብ የምትከስ እናት ብርቅ ናት፤ ጦሟን ማደር ትመርጣለች። ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር ከዳኛ ይልቅ ለሽማግሌና ለነፍስ አባት የሚመች ነው፤ ልጅየው በአዲስ አበባ ይሁን በጅዳ፥ ስልክ ደውሎ «ልጄ፥ እናትህ ተቸግራለች» የሚል ሰው አያጣም።

በወሎ ከአንድ አባት እስላምና ክርስቲያን ልጆች መወለዳቸው የተለመደ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ የሃይማኖት ልዩነት ወራሽነትን አያስቀርም፤ ሁሉም እኩል ይካፈላሉ። ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ሲፈቅድ የባለ ጉዳዮቹን ፈቃድ ጠይቋል፤ ስለዚህ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ክርስቲያኑን ወንድም ካልፈቀደ በግድ አይዳኘውም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያለው አባት ከሌላው ይልቅ ኑዛዜውን በግልጽ ማስጻፍ ያስፈልገዋል፤ ምስክሮቹንም ከሁለቱም ወገን ቢጠራ ማለፊያ ነው።

የቀረው የወረቀቱ ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ፥ ወልድያና መርሳ ለወራት በጦር እጅ ነበሩ፤ በዞኑ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፥ ሰነዶችም ጠፍተዋል። ሰውም ቤቱን ትቶ ሲሸሽ የያዘው ልጁንና ስንቁን እንጂ ሣጥኑን አልነበረም። ከዚህ የተነሣ ኑዛዜ በአንድ ቅጂ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተፈርሞ፥ አንዱ በተናዛዡ እጅ፥ አንዱ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፥ አንዱም በሌላ ከተማ በሚኖር የታመነ ዘመድ ዘንድ ቢቀመጥ ይገባል። በዚያ ጊዜ ወረቀቱ የጠፋበትና ዛሬ በሕይወት ያለ ሽማግሌ ወይም ባልቴት የጠፋውን መፈለግ አያሻውም፤ አራት ምስክሮች ጠርቶ፥ ዕለቱን ጽፎ፥ መነበቡንም አስመዝግቦ አዲስ ማድረግ ይችላል፤ ሥራውም የግማሽ ቀን ነው።